ለቤት የታሰበ ቀርከሃ

ለኮልፌ ሰፊ ሕዝብ፣ ለወዛደሩ፣ ለአርሶ አደሩ (በቀበሌው አንድም አርሶ አደር ባይኖርም ከዝርዝሩ አይቀርም) እንዲሁም ለተራማጅ ምሁራን በሙሉ በታላቅ አብዮታዊ ስሜት የሚገለጸው ዜና የሚከተለው ነው፦ ሰኞ ኅዳር አምስት ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በቀበሌው የመሰብሰቢያ አዳራሽ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ መኳንንት ስለ ምርት ጥራት ሰፊ ንግግር አድርገው ሲቀመጡ ወንበራቸው ጮኸ። መጀመሪያ እንደ ድመት ጮኸ። ቀጥሎ ከግራ እግሩ ቢጫ ዱቄት አፈሰሰ። በመጨረሻም ጓድ መኳንንትን ወለሉ ላይ አኖራቸው።

ማንም አልሳቀም። ላለመሳቅ የተደረገው የጋራ ርብርብ፣ በቀበሌው ታሪክ ከዕቅድ በላይ የተፈጸመ የመጀመሪያው ሥራ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጉዳዩ ዱባለ ደጃፍ ደረሰ። ዱባለ ወንበሩን በሠራው የእጅ ሥራ ማኅበር ውስጥ አንጋፋው ቀርከሃ ሠሪ ነው፤ ከጨንቻ ደጋ ወርዶ ኮልፌ ከገባ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ወሬውን ይዞ የመጣው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ይገዙ ነበር። ይገዙ ልበ ደግ ሰው ነው፤ ጉድለቱ ሲፈራ ብዙ ማውራቱ ነው፤ የሚፈራው ደግሞ በየቀኑ ነው።

«ጋሽ ዱባለ፣ አንድ ወንበር ብቻ!» አለ ገና ሳይቀመጥ። «እግዜር ያሳይዎት፣ አንድ! ቅዳሜ ከበላይ አካል እንግዶች ይመጣሉ። ጓድ መኳንንት ደግሞ መሬት ላይ መቀመጥ ለአቋማቸው አይስማማም።»

«ባለፈው ነሐሴ ምን አልኳችሁ?»

«ብለዋል።»

«ምን አልኩ?»

ይገዙ ትምህርቱን እንዳላጠና ተማሪ አንገቱን ደፋ። «የአንድ ዓመት ቀርከሃ አይቆረጥም። በክረምት አይቆረጥም። ሳይጨስ ለሥራ አይውልም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዕቅዱ መጣ።»

እውነቱን ነው። ዱባለ የሚቆርጠው ሦስት ዓመት የሞላውን ነው፤ ያውም ክረምቱ ወጥቶ፣ ውሃው ወደ ሥር ከወረደ በኋላ። ለጋውን ለከርሞ፣ እናቲቱን ለዘር ይተዋል። የቆረጠውን ከምድጃ በላይ ሰቅሎ ለወራት ያጨሰዋል፤ ጢስ የጠጣ ቀርከሃ ለነቀዝ ይመረዋልና። ዕቅዱ ግን በነሐሴ መቶ ሃያ ወንበር አለ። ለጋው ተጨፈጨፈ፣ ወንበሩ በሁለት ሳምንት ደረሰ፣ ማኅበሩም የምስክር ወረቀት ተሸለመ። ነቀዝ ማንበብ አይችልም እንጂ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ እስካሁን አለ።

ይገዙ ዐይኑን ወደ ማድ ቤቱ ሰረቅ አደረገ። በአካባቢው በስሎ የጨሰ ቀርከሃ ያለው አንድ ቦታ ብቻ መሆኑን የማያውቅ የለም። ከዱባለ ምድጃ በላይ፣ ቆጡ ላይ፣ አርባ ዘንግ ተጋድሟል። ሰባት ዓመት ጢስ ጠጥቶ እንደ ጠጅ ቀልቷል። ቁመቱ ማድ ቤቱን ስለሚበልጥ ጫፉ በግድግዳው ቀዳዳ ወጥቶ ጎረቤት ግቢ ገብቷል፤ የእማማ እሙ ዶሮዎች ይሰፍሩበታል።

«እሱ የልጄ ቤት ነው» አለ ዱባለ።

ይገዙ ተነሥቶ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «አሥር ሰዓት ላይ ስለ ወንበሩ ግለ ሂስ አለ። ትንሽ አጥፍቻለሁ ይበሉ፤ ሁላችንም እንላለን።»

በነዱባለ ቤት ወግ አባት ለልጁ ቤት ይሠራል። ምሰሶ የለውም፤ ከመሬት እስከ ጉልላት እንደ ቅርጫት የሚጎነጎን ቤት ነው። ስለዚህ ለቤት የታሰበ ቀርከሃ ቁመቱ አይነካም። ወንበር ከወንበር ሊወጣ ይችላል፣ ከአልጋ ስባሪ በርጩማ ይሠራል፤ አንዴ ያጠረ ዘንግ ግን ዳግመኛ ቤት አይሆንም። ልጁ ከቤት ርቆ ቢሄድ ዘንጉ በቁመቱ ይጠብቀዋል። የሚቆረጠው የልጁ መርዶ የመጣ ለት ነው። የዱባለ አባት ለዱባለ ታላቅ ወንድም የቆረጠው እንዲያ ነበር፤ የመጋዙ ድምፅ ለመንደሩ መርዶ ሆነ፤ ሌላ ጥሩንባ አላስፈለገም።

ልጁ ፈቀደ ራሱ በዚህ ቤት ይስቅ ነበር። «አባዬ፣ ሰብሌ እንቁላል ናት እንዴ ቅርጫት ውስጥ የማኖራት? እኔ ቆርቆሮ ነው የምፈልገው!» ይል ነበር። ሰብሌ እጮኛው፣ ከጎኑ ሆና «እኔ ቅርጫቱን ወድጄዋለሁ፤ አንተ ቆርቆሮህን ተከናንበህ እደር» ትለዋለች። በሰባ ሰባት ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው። ደብዳቤው መጀመሪያ በወር፣ ቀጥሎ በሦስት ወር ይመጣ ነበር፤ ካለፈው ዓመት መጋቢት ወዲህ ግን ጭራሽ ቀረ። የሄዱበት ቢሮ ሁሉ መዝገብ ገልጦ «ሞተ አይልም» ይላቸዋል።

«አለ ይላል?» ትጠይቃለች እናቱ አልማዜ።

«እሱንም አይልም።»

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። አልማዜ እህል ልታስፈጭ ወጥታ ነበር። የመጣችው ሰብሌ ናት፤ የክር ፋብሪካውን ሰማያዊ ካፖርት እንደለበሰች፣ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ። ሰብሌ የምትመጣው እሑድ እሑድ ነው። ማክሰኞ መጥታ አታውቅም። ዱባለ የያዘውን ሥራ ጣለ።

«ወሬ አይደለም አባባ!» አለች ፈጥና። «ስለሱ አይደለም የመጣሁት።»

መቀመጫ ሊሰጣት ቢል እምቢ አለች፤ ካፖርቷን ቁልፍ በቁልፍ እየነካካች ቆመች።

«አባቴ ቃል ሰጠ» አለች በመጨረሻ። «ሳንሱሲ ሰፈር ላለ ሰው። ለጥር።»

ዱባለ መጠየቅ ያለበት ስለሆነ ብቻ፣ «ምን ይሠራል?» አለ።

«ሾፌር ነው። ሚስቱ ሞታበታለች።»

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም። ብዙም አይናገር።»

«እሱስ ክፉ አይደለም።»

«አባባ…» የካፖርቷን ቁልፎች ለቀቀች። «እርስዎ ጠብቂ ካሉኝ እጠብቃለሁ። አባቴ ከቤት ቢያባርረኝም እጠብቃለሁ። ወይ ጠብቂ ይበሉኝ፣ ወይ ይፍቱኝ። መሃል ላይ መቆም አቃተኝ።»

ጠብቂ የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ይህች ልጅ እሑድ እሑድ በዚህ በር ስትገባ ፈቀደም በግማሹ አብሯት ይገባ ነበር፤ አልማዜ ሦስት ሰሐን የምታወጣው፣ ዱባለ ሸሚዙን የሚቀይረው ለዚህ ነበር። እሷ ከቀረች እሑድም ይቀራል። ቀና ብሎ አያት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። የጣቶቿ ጫፍ በክር ተልጧል፤ ከዐይኗ ሥር፣ ከአራት ዓመት በፊት ያልነበረ፣ የደከመች ሴት ጥላ አለ። ለጋ አይቆረጥም ብሎ ከማኅበር ጋር የተጣላ ሰው፣ ይህችን ልጅ ቆጥ ላይ ሰቅሎ እያጨሳት መሆኑ ድንገት ታየው።

ሂጂ ሊላት አፉን ከፈተ። ሂጂ ማለት ግን ልጁን በገዛ ምላሱ መቅበር ሆነበት።

ስለዚህ ተነሥቶ ወደ ማድ ቤት ገባ። ከቆጡ ላይ አንዱን ዘንግ ጎተተ፤ ከግድግዳው ማዶ የእማማ እሙ ዶሮዎች እየተንጫጩ ዘለሉ። ዘንጉን ግቢው መሃል አጋደመው፣ በክንዱ አራት ለካ፣ በጥፍሩ ምልክት አደረገ። መጋዙን አነሣ። ከዚያ ቆረጠ።

«አባባ! ምን እያደረጉ ነው?»

«አልጋ እሠራልሻለሁ።»

«የሱ እኮ ነው! የፈቀደ አይደለም እንዴ?»

«ነቀዝ አይነካውም» አለ፤ ሁለተኛውን እየጎተተ። «ትወልጂበታለሽ። ልጆችሽም ይተኙበታል።»

ሰብሌ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ የካፖርቷን እጅጌ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች፤ ጎረቤት እንዳይሰማት። ፋብሪካው የሰጣት የምሳ ሰዓት ሲያልቅ ተነሥታ እጁን ሳመች።

«ሰው ሲሰማ ዘማች ከዳች ይለኛል» አለች። «ቀበሌም ይጠራኛል። ለእማማ አልማዜም ቢሆን…»

«አልማዜ የምትጸልየው ጮክ ብላ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል» አለ ዱባለ። «አይዞሽ። ለሷም ቢሆን ከኔ አፍ አይወጣም።»

መጋዝ በቀርከሃ ሠሪ ቤት ብርቅ አይደለም። አልማዜ ግን ከመጋዝ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖራለች። እርጥብ ቀርከሃ ሲቆረጥ ያላምጣል፤ የጨሰው ይጮኻል። ዱቄቷን በራሷ ተሸክማ ከመታጠፊያው ላይ ሰማችው። ግቢው ስትደርስ ስድስት ዘንግ ተቆራርጦ ተደርድሯል።

«መቼ ነገሩህ?» አለች።

«ማንም የነገረኝ የለም።»

«መቼ ነገሩህ ዱባለ?»

«ወሬ አልመጣም እኮ ነው የምልሽ!»

አላመነችውም። ሠላሳ ዓመት ቀርከሃው እንደማይዋሽ ሲነግራት የኖረው ራሱ ነው። ዱቄቱን ቀስ አድርጋ አወረደች፤ አንዲት ቅንጣት ሳታፈስ። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችና «ፈቀደዬ!» አለች።

ፊተኛዋ ደራሽ እማማ እሙ ነበሩ፤ ዶሮዎቻቸው አስቀድመው ነግረዋቸዋል። ቀጥሎ የታችኛው ግቢ፣ ቀጥሎ ከማዞሪያው የጉልት ሴቶች፣ ቀጥሎ የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች መጡ። በስምንት ሰዓት ግቢው ሞላ። ለፈቀደ ሊያለቅሱ የመጡት ሴቶች ጥቂት ቆይተው ሌላ ስም ይጠሩ ጀመር። አንዷ የበኩሯን፣ አንዷ የወንድሟን። በየቤቱ «ሞተ አይልም» የተባለ አንድ አንድ ነበር፤ የሚያለቅሱበት ደጃፍ አጥተው ከርመው ዛሬ አገኙ።

ዱባለ መሃላቸው ተንበርክኮ ይቆርጣል፣ ይሰነጥቃል፣ ይልጋል። ሁሉንም ወደየቤታቸው ለመመለስ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ብዙ ጊዜ ቀና አለ። አልማዜ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ከቁርጥራጩ አንዱን እንደ ሕፃን ታቅፋ ያያታል። እንደገና ያጎነብሳል።

ይገዙ ሊጠራው ሲመጣ ዐይኑ መጀመሪያ ያረፈው ተቆራርጦ በተደረደረው ቀርከሃ ላይ ነበር፤ ፊቱ በራ። ወዲያው ለቅሶውን አየ። በርቶ የነበረው ፊት ምን እንደሚሆን ጨንቆት ቆመ።

አሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ጓድ መኳንንት ለጥንቃቄ ቆመው ይጠብቃሉ። ዱባለ እጁ ላይ የቀርከሃው ብናኝ እንዳለ ገባ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳሸረጡ ከኋላው ገብተው በሩ አጠገብ ቆሙ። በግለ ሂስ ላይ ለቀስተኛ ስለመገኘቱ የሚናገር መመሪያ ስላልነበረ የከለከላቸው የለም።

«ጓድ ዱባለ» አሉ ጓድ መኳንንት። «ለማኅበርዎ የነፈጉትን ጥሬ ዕቃ ለግልዎ ቆርጠዋል። ይህ አንድ። ከሚመለከተው አካል መርዶ ሳይደርስ የጅምላ ለቅሶ አስነሥተዋል። ይህ ሁለት፣ ከአንዱ የከፋ። ልጅዎ ሞቷል?»

«አላውቅም።»

«ሞተ ያለዎት ሰው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ለምን ቆረጡት?»

ይገዙ ከጎኑ ጎንበስ አለ። «አጥፍቻለሁ ይበሉ ጋሽ ዱባለ። በሞቴ። አንድ ቃል ናት።»

«አጥፍቻለሁ» አለ ዱባለ።

«ለምን አጠፉ? ያስረዱ እንጂ! ምክንያት የሌለው ግለ ሂስ ግማሽ ነው።»

ጓድ መኳንንት ጥያቄውን ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ዓይነት ድምፅ ጠየቁ። በሦስተኛው ላይ አልማዜ ከሴቶቹ መሃል ወጣች። ማንም ዕድል አልሰጣትም፤ እጇንም አላወጣች። ባሏ ፊት ሄዳ ቆመች። ስታለቅስ ስለዋለች ድምፅዋ አልቆ፣ የቀረው ሹክሹክታ ነበር።

«እነሱን ተዋቸው» አለችው። «ለኔ ንገረኝ። ላልቅሰው ወይስ ልጠብቀው? ይቺን ብቻ። እኔ ከዚህ ወጥቼ ቤቴ ስገባ ምን ላድርግ?»

ከትከሻዋ በላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ የፋብሪካው ሴቶች ሥራ ለቀው በመንገዱ ሲያልፉ ይታያሉ። ሁሉም ሰማያዊ ካፖርት ለብሰዋል፤ ዱባለ ሰብሌ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አልቻለም።

«ዱባለ» አለች አልማዜ፤ ክንዱን በሁለት እጇ ይዛ። «ለምን ቆረጥከው?»

«አልነግርሽም» አላት።