የመንታዎቹ አንድ ሰዓት

ካባንጌ ሉቡምባሺ አጠገብ ባለ የመዳብ ማዕድን ጉድጓድ የሚገቡና የሚወጡ ሠራተኞችን መዝጋቢ ናት። አሮጌው ፕሮግራም የሰዓት ክልልን በምህጻረ ቃል ይጽፋል፤ ቀበጡ አዲሱ ግን የከተማ ስም ካልሰጡት አይገባውም። የትኛው ምህጻረ ቃል የየትኛው ከተማ እንደሆነ ሰንጠረዡን የሞላችው እሷ ናት። ታዲያ ለአገሯ ሰዓት እጇ እንደለመደው ወደ ዋና ከተማው ሮጠና ኪንሻሳ ብላ ጻፈች። ኪንሻሳ ግን ከሉቡምባሺ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ናት፤ አዲሱ ፕሮግራምም ልዩነቱን ላካክስ ብሎ በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ አንድ ሰዓት ጨመረ።

የግድግዳው ሰዓት ሰባት ከሃያ ሲል፣ ስክሪኑ ሠራተኛው ሁሉ ከስምንት ሰዓት በኋላ ወጣ ይላል። ገና ያልደረሰ ሰዓት! በራሷ ስቃ ኪንሻሳን ሰረዘችና ሉቡምባሺ አለች። ከየስሙ ጎን ያለው ሰዓት ሁሉ አንድ ሰዓት ወደኋላ ተመለሰ። አንዱ ብቻ እምቢ አለ፦ ኪዩንጉ፣ መውጫ፣ ስምንት ከአምስት።

ኪዩንጉ መንታ ወንድሟ ነው፤ በአንድ ሰዓት ይበልጣታል። እናታቸው፣ «እሱ ወጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ አለቀሰ። ለቅሶውን ሰምተሽ ነው የመጣሽው» ትላታለች።

ሰርዛ ደግማ ሞላች። ያው ነው። ወደ ጉድጓዱ አፍ ሮጠች። እዚያ የሚወርድ ሁሉ ስሙ ያለበትን የናስ ቁራጭ ሰሌዳ ላይ ይሰቅላል፤ ሲወጣ ያነሳል። ሰሌዳው ላይ አንድ ናስ ቀርቷል፤ የኪዩንጉ።

ፈንጂው የሚፈነዳው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ስልክ አንስታ ፈንጂውን ወደሚያፈነዱት ሽማግሌ ደወለች።

«ፓፓ ካሶንጎ፣ እንዳያፈነዱ! ኪዩንጉ ታች ነው!»

ሽማግሌው ሳቁ። «ልጄ፣ ያንቺው ኮምፒዩተር ጉድጓዱ ባዶ ነው ይላል። 'ናሱን ይተዉት፣ ጊዜው አልፎበታል' ስትይኝ አልከረምሽም?»

«ናሱ ተሰቅሏል፣ ፓፓ።»

ሳቃቸው ቆመ። «ናስ ተሰቅሎማ አላፈነዳም። ቶሎ ሰው አውርዱ።»

የጉድጓዱ አሳንሰር ሲመለስ ስምንት ከአምስት ነበር። ኪዩንጉ በሁለት ሰው ተደግፎ ወጣ፤ ግንባሩ ተፈንክቷል፣ የራስ መብራቱ ተሰባብሯል። እህቱን ሲያይ ተቆጣ።

«በቃ፣ ዝም በይ አንቺ! አንድ ሰዓት ሙሉ በዚያ ጨለማ ለቅሶሽን እየተከተልኩ ነው የዳኽሁት።»

ካባንጌ ጉንጯን ዳሰሰች። ደረቅ ነበር።