የአስኪው ዝምታ

ዝምታው ሁልጊዜ ሦስት ትንፋሽ ያህል ነው። ዊልፍሬድ አስኪው መድረኩ መሐል ቆሞ፣ ከቤት ያባረረው ልጁ ዝናብ እየመታው በሩን ሲያንኳኳ ይሰማል፤ ዝም ይላል፤ ከዚያ አሽከሩን «በሩን ክፈትለት» ይለዋል። ዛሬ ሦስቱም ትንፋሽ አለፈ፤ አራተኛውም አለፈ።

ቃሉ ጠፍቶበት ነበር።

አርባ ዓመት ሙሉ በመድረክም በፊልምም አሽከር፣ ፖሊስ፣ ቄስ ሲሆን ኖሯል። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ የት ነው የማውቅህ ይለዋል፤ ስሙን የሚጠራ ግን የለም። አሁን በስተርጅና የአባትን ዋና ሚና የመጫወት ዕድል ደረሰው፤ ቴአትሩም ሰኞ ለንደን ይገባል። በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ቃል ስቷልና፣ ከደገመው ቦታው ለተጠባባቂው ተዋናይ እንደሚሰጥ አዘጋጁ ኖርክሮስ ጠዋት ነግሮታል። በትሕትና ነው የነገረው፤ ያ ደግሞ ይብሳል። አሁን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ያየዋል።

ከመጋረጃው ጥግ ሄስተር ፕላምሊ ጽሑፉን ጭኗ ላይ ዘርግታለች። ሥራዋ የረሳ ተዋናይን በሹክሹክታ ማስታወስ ነው። የዊልፍሬድ ዝምታ ግን ቀልድ አያውቅም። ካቻምና ረሳ ብላ ቃል ብታቀብለው፣ ለካ ሆን ብሎ ኖሯል፤ ሰው ሁሉ ፊት «ዝምታዬን ገደልሽው» ብሎ አዋርዷታል። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ብትናገር ኖርክሮስ ይሰማል። ባትናገርስ?

በሩ እንደገና ተንኳኳ። አሽከሩ ትእዛዝ ይጠብቃል። የዊልፍሬድ ጀርባ በላብ ራሰ። ፈራ፤ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። አዳራሹ ውስጥ ሲያስሉ የነበሩት እንኳ ጸጥ አሉ።

አፉ እምቢ ሲለው እግሩ ተነሣ። አሽከሩን ገለል አደረገና መቀርቀሪያውን በገዛ እጁ ሳበው። ልጁ ገባ። ከተመልካቹ መሐል አንዲት ሴት ስታለቅስ ተሰማች።

መጋረጃው እንደወረደ ኖርክሮስ ዓይኑ ቀልቶ መጣ።

«ሚስተር አስኪው፣ ያቺን መስመር ሰርዣታለሁ። ለንደንም ልክ እንደዛሬው ያድርጉልኝ።»

ተዋናዮቹ ጀርባውን እየመቱ፣ ይኸ ሽማግሌ ዝም ብሎ ነው የሚበልጠን እያሉ ቀለዱበት። እሱም አብሯቸው ሳቀ።

ሄስተር ሻይ ይዛለት ወደ መልበሻ ክፍሉ ገባች። ፊቱን ሳያጥብ ከነቅባቱ መስታወቱ ፊት ተቀምጧል።

«ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር እኮ» አለችው፤ «እንኳን ዝም አልኩ። ደግሞ ልትጮህብኝ ነበር።»

ዊልፍሬድ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳያነሣ ጠየቃት።

«ሄስተር፣ ምን ነበር የምለው?»

ሳቀች። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን አየች፤ እየቀለደ አልነበረም። ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ሄዳም በሩን ከውስጥ ዘጋችው።