ሳይጣሩ አይገባም

ዓምደ ሚካኤል አውራ ጣቱን ስልኩ ላይ አሳርፎ መልእክቱን ሊልክ ሲል፣ ከፊት ከፊቱ የሚሄዱት መምሬ ገብረ ክርስቶስ ጉሙ ውስጥ ቆም ብለው ዞሩ።

«አንተ ልጅ! ገደል አፋፍ ላይ እየሄድክ ስልክ ታያለህ? ጉም እንደሆነ ማንንም አይምርም!»

«መጣሁ መምሬ፣ መጣሁ።»

ስልኩን ባርኖሱ ሥር መለሰው። መልእክቱ ከረቡዕ ጀምሮ እዚያው ተጽፎ ተቀምጧል። «ሰላሃዲን ወንድሜ፣ ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፤ ስለዚህ…» ብሎ ይጀምራል። ከ«ስለዚህ» በኋላ የሚመጣውን የጻፈው ሰው ራሱ ደግሞ ለማንበብ ወኔ አጥቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመሮ ከተማ፣ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ባለች አንዲት ክፍል፣ አራት ሰዎች የኮምፒውተር ጌም ይሠራሉ ሲባል የሰማ ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ! ዓምደ ሚካኤል ስቱዲዮውን የከፈተ ሰሞን «መንዝ ላይ ጌም?» ያላለው አልነበረም። እሱ ግን «ብርዱ ለማሽን ፍቱን ነው» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ ማሽኖቹ ግለው አያውቁም። ሰዎቹ ናቸው ባርኖስ ተከናንበው ጣታቸውን በትንፋሻቸው እያሞቁ የሚሠሩት። ሥራው የሚመጣው አዲስ አበባ ካለ ድርጅት ነው፤ ያ ድርጅት ደግሞ ከባሕር ማዶ ይቀበላል። አንድ መንገደኛ በደጋ አገር ሲጓዝ፣ ሲመሽበትም ከማያውቀው ሰው ቤት ሲያድር የሚያሳይ ጌም ነበር። ጠጄ መንደሮቹን ትሠራለች፤ ሰላሃዲን ኮዱን ይጽፋል፤ ቴዎፍሎስ ይስላል። ሁለት ዓመት ለፍተውበታል።

ረቡዕ ዕለት ከአዲስ አበባ ተደወለ። የባሕር ማዶው ባለቤት ገንዘብ አልቆበት ፕሮጀክቱን ዘግቷል፤ ኮንትራቱ ፈርሷል። የተረፈች ሥራ ብትኖር ሥዕል ማቅለም ናት፤ እሷም ከሁለት ሰው በላይ አትችልም። ዓምደ ሚካኤልና ቴዎፍሎስ ይቀራሉ፤ ጠጄና ሰላሃዲን ይወጣሉ። «በኢሜይል አሰናብታቸውና ተገላገል» አለው የድርጅቱ ሰው።

ዓምደ ሚካኤል ይህን ለእናቱ ወንድም ለመምሬ ገብረ ክርስቶስ ማዋየቱ ነው ጉድ ያመጣበት።

«በኢሜይል?» አሉ መምሬ። «ክፉ ወሬ በሽቦ? ሰው አይደሉም እንዴ! ክፉ ወሬ የሚነገረው በማለዳ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ቤተ ዘመድ ባለበት ነው። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ። ለመሆኑ ክፉ ወሬ ይዞ ብቻውን የሚሄድ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

መምሬ እንግዲህ ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ያደረሱት ክፉ ወሬ መርዶ ነው። ሌላ ዓይነት አያውቁም። ዓምደ ሚካኤል ይህን በጊዜው አላሰበውም፤ እንዲያውም አጋዥ በማግኘቱ ደስ አለው። ጠጄ ቅዳሜና እሑድን ገጠር እናቷ ዘንድ ነው የምታሳልፈው፤ እሷን በአካል ሄዶ ይነግራታል። ለሰላሃዲን ግን መልእክቱ አለ። የመልእክቱን ነገር ለመምሬ ትንፍሽ አላለም።

ሰላሃዲንን ፈርቶታል። ሰላሃዲን እኮ የባንክ ሥራውን ጥሎ ነው የመጣለት። አባቱ ከቆላው ጨርቅ እያመጡ ዘመሮ ላይ የሚነግዱ ሰው ናቸው፤ «ለጨዋታ ነው ያስተማርኩህ?» ብለው ስንት ጊዜ አኩርፈውታል። ሰላሃዲን ያን ሁሉ ችሎ «አንተ ካለህበት እኔም አለሁ» አለ። እንዲህ ያለውን ወዳጅ ምን ብለህ ፊቱ ቆመህ ታሰናብተዋለህ? ፊቱን ቢያዞርብህስ? ዓምደ ሚካኤል ይህን ባሰበ ቁጥር እጁ ወደ ስልኩ ይሄዳል።

ጉሙ እየወፈረ ሄደ። መምሬ አንድ ነጭ ጋቢ ብቻ ሆኑ፤ ቀጥሎ ጋቢውም ጠፋና የምርኩዛቸው ኳኳታ ቀረ።

«አሁን ወደ ቀኝ ነው» አለ ዓምደ ሚካኤል ሳያስበው።

«እንዴት አወቅህ? መጥቼ አላውቅም አላልከኝም?»

«አዎ፣ አላውቅም።»

አያውቅም፤ ግን ያውቀዋል። ካቡ መጣ፤ መሐሉ ላይ ተንዶ በግ የሚዘልበት ያው ካብ። ከካቡ አለፍ ብሎ ጎኑን መብረቅ የመታው ጥድ። ከጥዱ በታች ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች፣ ጉሙ ውስጥ ሰው መስለው ቆመዋል። ለካ ጠጄ የገዛ መንደሯን አንድ ድንጋይ ሳታስቀር ጌሙ ውስጥ ከታዋለች! በዚህች መንገድ ሁለት ዓመት ሙሉ ተመላልሶባታል፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ።

ጉሙም ቢሆን የሰላሃዲን ዘዴ ነበር። «ራቅ ያለውን በጉም እንሸፍነው» ብሎ ነበር። «ማሽኑ ገና ያልደረሰበትን አገር ሰው እንዳያይብን። ተጫዋቹ በቀረበ ቁጥር ካቡንም ዛፉንም እናወጣለታለን።» አሁንም እንደዚያው ነው፤ አንድ እርምጃ ሲራመድ አንድ ድንጋይ ከነጩ ውስጥ ይወጣል። ሰላሃዲን ከጉሙ ማዶ ባርኖሱን ተከናንቦ ተቀምጦ፣ አገሩን እግሩ ሥር እየዘረጋለት መሰለው። እጁን ሰዶ ካቡን ነካ። እርጥብ ነው፤ ይቀዘቅዛል። ከየት እንደሆነ የማይታይ የኩበት ጭስ ይሸታል። መምሬ ባይኖሩ እዚያው ተቀምጦ ቢቀር በወደደ።

የጠጄ እናት ደጅ ሲደርሱ እግሩ በራሱ ጊዜ ቆመ። ጌሙ ውስጥ እዚህ ቦታ ላይ ተጫዋቹ ቆሞ «ቤቶች!» ማለት አለበት። ውሻ ይጮኻል፤ መልስ ይጠፋል፤ እንደገና መጣራት ነው። ቆይቶ ቆይቶ ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ ይመጣል። ድምፁ የሰላሃዲን ነው፤ ለሙከራ ብሎ አስገብቶት በዚያው ቀረ። ከዚያ ተጫዋቹ ወይ ስሙን ይናገራል፣ ወይ ትቶ መንገዱን ይቀጥላል። የባሕር ማዶዎቹ ይህን አልወደዱትም ነበር። «አብዛኛው ሰው በር ላይ መቆም አይወድም፤ ትቶ ይሄዳል፤ በሩ ዝም ብሎ ይከፈት» አሉ። ጠጄ እንቢ አለች። «ሳይጣራ የሚገባ ሌባ ነው። እኔ ለሌባ ቤት አልሠራም!»

«ቤቶች!» አሉ መምሬ በቅዳሴ ድምፃቸው። «ውሻ ያዙ!»

በሩ ተከፈተና የጠጄ እናት፣ እማማ ወለተ ኢየሱስ፣ ብቅ አሉ። ምን ታያቸው? ገና ሳይነጋጋ፣ ጥምጣም የጠመጠሙ ቄስና ጥቁር ባርኖስ የለበሰ የማያውቁት ጎልማሳ ደጃቸው ላይ ቆመዋል። ወንዱ ልጃቸው ታዲዮስ ደግሞ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ አገር ላገር ሲዞር ነው የሚኖረው።

«ምነው? ምነው በማለዳ?»

መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አይዞሽ ወለተ ኢየሱስ። እስቲ መጀመሪያ ቁጭ እንበል።»

እግዚኦ! ከዚህ የባሰ ቃል ከየት ይመጣል? መርዶ ነጋሪ ሁሉ እንዲህ ብሎ አይደል የሚጀምር!

«ታዲዮስ!» እማማ ወለተ ኢየሱስ ደረታቸውን መቱ። «ልጄን! ወይኔ ልጄን! ወይኔ ታዲዬ!»

«ኧረ እማማ፣ ታዲዮስ አይደለም…» አለ ዓምደ ሚካኤል፤ ማን ሊሰማው! ከየካቡ ጀርባ ሰው ፈለቀ። ጉሙ ውስጥ ነጫጭ ጋቢ እየሮጠ መጣ። ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም፤ ለቅሶው ቀደመ። አንድ ሽማግሌ ዓምደ ሚካኤልን አንገቱን አቅፈው «አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ» እያሉ ያለቅሳሉ። እሱም፣ ምን ያድርግ፣ አብሮ እንባው መጣ። ከረቡዕ ጀምሮ የሚያለቅስበት ቦታ አጥቶ ነበር።

ጠጄ የሱፍ ብርድ ልብሷን፣ ባናዋን፣ እንደደረበች ወጣች። እናቷን አየች፤ መምሬን አየች፤ ዓይኗ ዓምደ ሚካኤል ላይ ሲያርፍ ገባት።

«ፕሮጀክቱ ነው?»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔም ወጣሁ?»

እንደገና ነቀነቀ። ጠጄ ዞረችና እናቷን ትከሻቸውን ይዛ ጮኸች። «እማዬ! ታዲዮስ ደህና ነው! እኔ ነኝ ከሥራ የወጣሁት! የሞተው ሥራዬ ነው!»

ለቅሶው ቀጥ አለ።

«ሥራ?» አሉ እናትየው።

«ሥራ።»

«ሥራ ብቻ?»

«ሥራ ብቻ፣ እማዬ።»

«አላምንም፤ ድምፁን አሰሙኝ!»

ተደወለ። ታዲዮስ ከእንቅልፉ ባንኖ «ምነው እማዬ፣ ምን ሆናችሁ?» ሲል እማማ ወለተ ኢየሱስ ስልኩን ሳሙት፤ ከዚያም እልልታውን አቀለጡት። መንደሩ ሁሉ ተቀበላቸው። ከሥራዋ ተሰናብታ እልል የተባለላት ሴት ከጠጄ በፊት መኖሯን እንጃ! እናትየው ዓምደ ሚካኤልን ትከሻውን በቡጢ መቱትና «ልቤን ልታፈርሰው ነበር፣ አንተ!» ብለው ጉንጩን ሳሙት።

ለቅሶ የመጣ ሰው እንዲሁ አይመለስምና ሁሉም ገብቶ ተቀመጠ። ሽማግሌው ግን ነገሩ አልገባቸውም።

«ለመሆኑ የሞተው ምንድን ነው?»

«ጌም ነው አባባ» አለች ጠጄ።

«ዕድሜው?»

«ሁለት ዓመቱ ነበር።»

«ውይ! ጨቅላ!» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ጠጄ ሳቀች፤ ስትስቅ ስትስቅ ሳቁ ለቅሶ ሆነባትና ፊቷን ባናዋ ውስጥ ቀበረች።

«መንደሬን ሰው ሳያይልኝ ተዘጋ» አለች። «ደመወዙስ ይሁን፣ ሌላ ይገኛል። እሱ ነው የቆጨኝ።»

«እኔ ዛሬ አየሁት» አላት ዓምደ ሚካኤል። «አንድም ነገር አልጎደለም። መንገዱን ለመምሬ እኔ ነኝ ያሳየኋቸው።»

ቀና ብላ አየችው። «ለሰላሃዲን ነገርከው?»

 ስልኩን አውጥቶ ሰጣት። አንብባ ስትጨርስ ፊቷ ተለወጠ።

«ይህን ልትልክለት ነው?»

«ደጁ ላይ መቆም አቃተኝ።»

«እኔ ጋ ግን መጣህ።»

«ላንቺ መንገር የሚቀል መስሎኝ ነበር።»

«ኧረ? ቀለልኩህ?» አለች ወደ ሕዝቡ እየጠቆመች። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። «አየህ፣ እኔን መለማመጃ አድርገኸኛል። በል ተነስ፤ አብሬህ እሄዳለሁ።»

«አንቺ? አንቺ እኮ ተሰናባች ነሽ!»

«ምን አለበት? ክፉ ወሬ ይዞ ብቻውን አይኬድም ይባል የለ?»

መምሬ አልተከራከሩም። ጉልበታቸው አልቋል፤ ጠላውም ቀርቦላቸዋል። እማማ ወለተ ኢየሱስ ለእሑድ ሰንበቴ የጋገሩትን ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ለልጃቸው ሰጧት።

«ይህን ለሰላሃዲን እናት ስጭልኝ። ዳቦ ነው፤ ሥጋ የለበትም፤ ይበሉታል። ለቅሶ ቤት በባዶ እጅ አይገባም።»

«ለሰንበቴውስ ምን ሊያደርጉ ነው?» አለ ዓምደ ሚካኤል።

«ዱቄት ሞልቷል። ሌላ ይጋገራል።»

ዘመሮ ሲደርሱ ጉሙ ከተማውንም ውጦታል። የወፍጮው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ የበግ ገበያው ባዶ ሜዳ መስሏል። የሰላሃዲን ቤት የቆርቆሮ አጥር ከነጩ ውስጥ እየጠራ መጣ፤ መጀመሪያ አንዱ ቋሚ፣ ቀጥሎ በሩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ ቢያደርጉት ይከፈታል። ዓምደ ሚካኤል ግን አልነካውም።

«ቤቶች!» አለ።

መልስ የለም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ከበደው። መልእክቱ አሁንም አለ፤ አሁንም አንድ ጣት ብቻ ነው የሚፈልገው። መላክ፣ ወደ ቤት መሄድ፣ ባርኖስ ተከናንቦ መተኛት። አብዛኛው ሰው በር ላይ መቆም አይወድም። ጠጄ ዳቦውን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

ስልኩን አወጣና ከ«ሰላሃዲን ወንድሜ» ጀምሮ እስከ መጨረሻው አጠፋው።

«ቤቶች!» አለ እንደገና፣ ጮክ ብሎ።

ከውስጥ ጫማ ሲጎተት ተሰማ። ከዚያ ያ ድምፅ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከስክሪኑ ውስጥ ሲሰማው የኖረው ድምፅ፣ ከጉሙ ማዶ መጣ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ሰላሃዲን» አለ። «ዓምደ ሚካኤል ነኝ። ግባ በለኝ።»