ጢጥ የሚለው መሪ

ክንዱ ፒክአፗን ጎንደር ቁስቋም ባለው ግቢው ውስጥ አቁሞ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረው። ጢጥ! ወደ ግራ መለሰው፤ አሁንም ጢጥ! እንዲህ ማለት የጀመረችው የወለቃው ብረት ሠሪ ይባረክ ባለፈው ሳምንት የመሪውን ብሎን ቀጥቅጦ ከገጠመላት ማግስት ነው። ታዲያ ከሱ ሌላ ማን ይጠረጠራል?

ነገ ደግሞ መንገድ አለበት። ልጁ ባንቺአየሁ የበኩር ልጇን በናቷ ቤት እንድትወልድ ከአምባ ጊዮርጊስ ሊያመጣት ነው። ቀኗ ደርሷል። በዚያ ገደል አፋፍ ላይ መሪው እምቢ ቢል ልጅም የልጅ ልጅም አለቁ ማለት ነው። 

"ነግሬህ ነበር!" አለች ሚስቱ ሽታዬ ከደጃፉ። "ዓይኑን አላየህም? ማኪናዋን በላት እኮ!"

ጋራዡ "ብሎኑ ከአስመራ እስኪመጣ ወር ጠብቅ" ባይለው ኖሮ ክንዱ ይባረክን ዳግመኛ ባላስጠራው ነበር።

ይባረክ በዚያው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት፣ መጣና ከመሪው ሥር ተንጋለለ። ክንዱ የፒክአፗ በር ላይ ቆሞ እጁን እጁን ያየዋል። ሰውየው በየመሀሉ ብቅ እያለ ፀሐይዋን ያያል። ቤተ እስራኤል ነውና ሰንበቱ ሳይገባ ቤቱ መድረስ አለበት፤ ይህንን ጎንደር ሙሉ ያውቃል፤ ክንዱም ያውቃል። መጠርጠር ከጀመሩ ግን የሚያውቁትም ይጠፋል።

"ምነው ቸኮልህ? ምን ደብቀህ ነው?"

ይባረክ ብሎኑን ነቀነቀው፤ ፍንክች አላለም። ግራሶ ቀባው፤ ጢጡ እንዳለ ነው። ከዚያ እጁን ሽቅብ ወደ መሪው ዘንግ ሰደደና ድንገት ሰበሰበው።

"አያ ክንዱ፣ ጎንበስ ይበሉና ራስዎ ይዩት።"

ክንዱ አጎነበሰ። ዘንጉ ላይ በጠፍር የታሰረ ክታብ አለ፤ ለቡዳ የሚታሰረው ዓይነት። ቆዳው አዲስ ነው። መሪው ሲዞር ከብረቱ ጋር ይፋተጋል።

ቀና ብሎ ደጃፉ ላይ የቆመችውን ሚስቱን አያት። ሽታዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

"ብሎኑን ሊገጥም የመጣ ዕለት... እንዳይበላብን ብዬ ነው እንጂ..."

ወይ ጉድ! ክንዱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። "በል ፍታው፣ ይባረክ ወንድሜ" አለ።

ይባረክ ግን መሣሪያውን እየሰበሰበ ነበር። "እኔስ አልነካውም። ነገ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆኑ፣ ክታቡን የፈታው እሱ ነው ልትሉ አይደል? ራስዎ ይፍቱት።" ይህን ብሎ ወደ ወለቃ ገሰገሰ።

ክንዱ እጁን ወደ ጠፍሩ ሰደደ። ልጁ ከነሆዷ ታየችው፤ ገደሉ ታየው። ሳይፈታው እጁን መለሰ።

በማግስቱ ማለዳ ወለቃ ሲደርስ ይባረክ ነጭ ለብሶ መንገዱ ዳር ቆሟል። ክንዱ እጁን አንሥቶ ሰላም ሊለው ነበር፤ መታጠፊያው ላይ መሪው ጢጥ ሲል ግን አንገቱን ደፍቶ አለፈ።