የወይዘሮ ሮዛ ደብዳቤ

ጸዳለ ጎንደር ሳለች የእንግሊዝኛ መምህርት ነበረች። ሃይፋ በገባች በሦስተኛው ዓመት፣ በ1987፣ ከከተማዋ በላይ ተራራ ላይ ካለ የአረጋውያን መኖሪያ ተቀጠረች። ከምትኖርበት ከሃሊሳ ሠፈር በአውቶቡስ እየተመላለሰች አቅመ ደካሞችን ታጥባለች፣ ታጎርሳለች።

ከምትንከባከባቸው አንዷ ወይዘሮ ሮዛ የሚባሉ፣ ዓይናቸው የደከመ እንግሊዛዊት ነበሩ። ዕብራይስጡ አልገባ ብሏቸው ኖሮ፣ ቋንቋቸውን የምታውቅ ሲያገኙ የልብ ልብ ተሰማቸው። ለንደን ላለችው ልጃቸው በየወሩ ደብዳቤ የምትጽፍላቸውም እሷው ሆነች።

አንድ ቀን ምሳቸውን ልታጎርሳቸው ዶሮውን በሹካ ብትገልጠው አረንጓዴ ውሃ ወጣው። ከአጥንቱ ሥር ነጫጭ ትል ይርመሰመሳል። አፏን ይዛ ሮጠች። አስመልሷት ስታበቃ ሳህኑን ለመኖሪያው ኃላፊ ወስዳ አሳየችው። ሰውየው ትሉን በጣቱ ጠርጎ ጣለና መረቅ አፈሰሰበት።

"ቤሰደር፣ ምንም አይደል። እሷ እንደሆነች አታይም" አላት።

ጸዳለ ያንን ጣቱን ሱሪው ላይ ሲጠርግ አይታ ሳህኑን ነጠቀችው። ከነምግቡ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገልብጣው ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ለወይዘሮ ሮዛ ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው። እሳቸውም ልጃቸው እንዳትጨነቅ ሰግተው፣ ምግቡን "ዲስላይክ" አደርጋለሁ ብለሽ ጻፊ አሏት። ጸዳለ ብዕሯን አስቀመጠች። ያ ቃል ጨው ላነሰው ሾርባ ነው አለቻቸው። እንግዲያው "ሄት" ይሁን አሉ። እሱንም አልተቀበለችም።

"መጥላት የልብ ነው፣ እማማ። ሰው ከጠላው ጋር እንኳ ተቀምጦ ይበላል። ይሄ ግን የሆድ ነው፤ ሆድ አልቀበልም ያለው።"

"ታዲያ ምን እንበል?"

"ዲስገስት። ሌላ ስም የለውም።"

ወይዘሮ ሮዛ ፊታቸው ቀላ። እናታቸው ቤት ይህን የመሰለ ቃል ከማዕድ ጋር አይነሳም ነበር። ከዚያ፣ ትናንትስ ምን በልቼ ነበር ብለው ጠየቁ። አሮጊቷ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ጻፊው" አሏት። "ሁለት ጊዜ ጻፊው።"

ልጃቸው በሦስተኛው ሳምንት ማንንም ሳታስጠነቅቅ ከተፍ አለች። ወጥ ቤት ገብታ ድስቱን ከፈተች፤ ዕለቱን እናቷን ይዛ ሄደች። ጸዳለ በማግሥቱ ተባረረች።

ባሏ ውድነህ ምነው ዝም ብትይ ብሎ ሊወቅሳት ጀምሮ ነበር። ማታ ያቀረበላትን ሥጋ ሳትነካ ስትገፋው ሲያይ ተወው። ከከተማዋ ዳር ክርያት ሐይም ካለ መዋዕለ ሕፃናት ሥራ እስክታገኝ ሁለት ወር ፈጀባት፤ ሥጋ ለመቅመስ ግን ዓመት።