ያልሄደ ሰው ዳቦ

በእኛ ከተማ በማርጊላን ሥራ ፍለጋ ሩሲያ የሚሄድ ልጅ ከመነሳቱ በፊት ከትኩስ ዳቦ ላይ አንዴ ይገምጣል። የቀረውን እናቱ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች፤ ተመልሶ ራሱ እስኪጨርሰው ማንም አይነካውም። በእኛ ሰፈር ዳቦ ያልተሰቀለበት ቤት አልነበረም።

ልጄ ዶስቶን ረቡዕ ገመጠ። ሐሙስ፣ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል፣ ሻንጣውን እየጎተተ ተመለሰ።

«አባባ፣ አልሄድም። የብየዳ ፈቃድ አውጥቻለሁ።»

«ከየት?»

«በስልክ። ሕጉ ተቀይሯል እኮ፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።»

ደሜ ፈላ። እኔም በወጣትነቴ የብረት በር እሠራ ነበር። ለአንድ ፈቃድ አሥራ አንድ ማኅተም እየለመንኩ ሁለት ዓመት ተመላለስኩ፤ የሥራ ቤቴን በከፈትኩ በሦስተኛው ወር አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ አሸገው። ከዚያ ወዲህ መዶሻ አልነካሁም። ልጄ እንደኔ ተዋርዶ እንዲቀመጥ ስላልፈለግኩ «ሂድ» ያልኩት እኔው ነኝ።

«ማኅተም የሌለው ፈቃድ ምን ፈቃድ ነው?» አልኩት።

«እሱን ነው የወደድኩለት» አለኝ።

ጎረቤቴ ማማሶሊ መሳቂያ አደረገኝ። «ልጅህ ሞስኮን በግማሽ ቀን ጨርሶ መጣ አሉ? ዳቦው እንኳ አልደረቀም።»

ሚስቴ ኦይኒሶ ዳቦውን ልታወርድ ስትነሳ ከለከልኳት። «ይቆይ። ሲያሽጉበት ይሄዳል።»

ዶስቶን እዚያው ግቢያችን ውስጥ ብየዳ ጀመረ፤ በጸደይ ተቆጣጣሪ መጣ። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ አይ ነበር። ዶስቶን ብየዳውን ሳያቋርጥ ስልኩን አቀበለው። ሰውዬው ፈቃዱን አየና «በርታ» ብሎ ሄደ። ይኸው ነው። እኔ ሁለት ዓመት ያለቀስኩበት ነገር።

በበጋ ሥራ በዛበትና ለሩሲያ የተመዘገቡ ሁለት ጓደኞቹን ቀጠረ። በመከር የማማሶሊ ልጅ ከሞስኮ ደውሎ «ቦታ አለህ?» አለው። መጣ፤ በቤታቸው ተሰቅሎ የቆየውን የራሱን ዳቦም ጨረሰ። ማማሶሊ ከዚያ ወዲህ አይቀልድብኝም፤ እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ በደጁ አልፋለሁ፣ አልዋሽም።

በዚያው ሳምንት የዶስቶንን ዳቦ በገዛ እጄ አወረድኩት። ድንጋይ ሆኗል። ኦይኒሶ ሻይ ቀዳች፤ ልጄ ሰብሮ ነከረና ወደኔ ዘረጋው።

«የገመጥከው አንተ ነህ» አልኩት።

«እኔማ የትም አልሄድኩም፣ አባባ። ከሥራዎ ወጥተው የቀሩት እርስዎ ነዎት። ይብሉና ነገ መዶሻዎን ይዘው ይምጡ።»

ጥርሴ ደካማ ነው። ግን ጨረስኩት።