ጋሽ ጉርጥ ምን ይላሉ?

ሴትየዋ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም ስታቀርብ ኖረች። ልጆቹ «እትዬ» ይሏታል፤ መሥሪያ ቤቱም ስሟን ረስቶ እትዬ ነው የሚላት። ከጎኗ የማይለየው ጋሽ ጉርጥ ነበር፤ የባለቤቷን አረንጓዴ ሹራብ እጅጌ ቆርጣ የሰፋችው፣ ዓይኑ የካፖርት ቁልፍ የሆነ የእጅ አሻንጉሊት። ባሏ ዛሬም ድረስ ብርድ በመጣ ቁጥር አንድ ክንዱን እያሻሸ ያማታል። ጉርጡ በዚያ ወፍራም ድምፁ ልጆችን ይመክራል፤ ጥርስ አስቦርሿል፣ ጡጦ አስጥሏል፣ ስንቱን አልጋ ላይ ከመሽናት አድኗል። ድምፁ የእሷ መሆኑን የማያውቅ አዋቂ የለም። የለም ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ከዚያ በኋላ፣ አሥር ዓመት ስትለምነው የኖረችው ነገር ተሳካላትና ፕሮዲዩሰር ሆነች። ካሜራው ፊት አንዲት ወጣት ተተካች፤ ጋሽ ጉርጥም ጡረታ ወጥቶ ቦርሳዋ ውስጥ ገባ። እንግዲህ ከአሁን ወዲያ ፕሮግራሙን የምታስበውም የምታቅደውም እሷ ናት። እሰይ ብላ ነው የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የገባችው።

ማን ሰምቷት! ገና መናገር ስትጀምር የካሜራው ኃላፊ ስልኩን ያወጣል፣ የስፖርቱ አዘጋጅ ጥፍሩን ይመረምራል። ልጆቹን ከስቱዲዮ አውጥተን ሜዳ ላይ እንቅረጻቸው አለች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የስፖርቱ አዘጋጅ ያንኑ ቃል በቃል ሲደግመው፣ ሥራ አስኪያጁ ሐሳብ ማለት ይኼ ነው ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊም የእሱን በስሙ መዘገበች፤ የእሷን «ሌላም አስተያየት ተሰጥቷል» ብላ አለፈችው።

አንድ ማክሰኞ፣ ስብሰባው መሀል መነጽሯን ፍለጋ ቦርሳዋን ስትበረብር እጇ ጉርጡ ውስጥ ገባ። ንዴቱም ነበረባትና፣ «ምነው ልጆች፣ እትዬ እያወራች አይደለም እንዴ?» አለ ጋሽ ጉርጥ ከቦርሳው ብቅ ብሎ። የካሜራው ኃላፊ ስልኩን ኪሱ ከተተ። የስፖርቱ አዘጋጅ እጁን አጣጥፎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁማ፣ ያ ኮስታራ ሰውዬ፣ ያንን ፕሮግራም እያየ ያደገ ልጅ ነው፤ ፊቱ በርቶ ከወንበሩ ብድግ አለና እንዴት ሰነበቱ ብሎ ጉርጡን ጨበጠው።

ከዚያ ወዲያማ ምን ልበላችሁ። እሷን አንቺ፣ ጨርቁን አንቱ። ወንበር ተሰጠው፣ የውሃ ብርጭቆ ቀረበለት፤ ነገር በከረረ ቁጥር «ጋሽ ጉርጥ ምን ይላሉ?» ነው። እሷ የተናገረችውን ውሃ ይበላዋል፤ ጉርጡ ሲደግመው ይጸድቃል። አንድ ጊዜ ታጥቦ ገመድ ላይ ስለነበር ሳትይዘው ብትሄድ፣ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም ተብሎ ስብሰባው ለማግስቱ ተላለፈ። ቤት ገብታ ለባሏ ብትነግረው፣ እጅጌው የእሱ ነውና ድምፅ መስጠት ለእሱም እንደሚገባው ነገራት። እሷ ግን ሳቅ አልመጣላትም። ሐሳቤ እስካለፈ ድረስ ማንም ቢናገረው ምን አለበት እያለች ልቧን ብትደልለው፣ ልቧ አልደለልም አለ።

ሐሙስ ቀን ቁርጡ መጣ። የልጆቹ ሰዓት ተነሥቶ ስለ መኪና ለሚያወራ ፕሮግራም ይሰጥ የሚል ሐሳብ ከላይ ወርዷል። እሷ ደግሞ ለምን መነሣት እንደሌለበት ሦስት ገጽ ጽፋ መጥታለች። ወረቀቷን ዘርግታ ጉሮሮዋን ስትጠርግ፣ ሥራ አስኪያጁ በእጁ አስቆማትና ወደ ጉርጡ ዞሮ መላ እንዳገኘ አበሠረው። ጋሽ ጉርጥ ኃላፊነቱን ከተቀበሉ ፕሮግራሙ ይቀጥላል። ደብዳቤው ተተይቦ፣ ማኅተም አርፎበት ቀርቧል፦ ዋና ፕሮዲዩሰር፣ ጋሽ ጉርጥ፤ ረዳት፣ እትዬ።

የጉርጡን ጭንቅላት አንዴ ብትነቀንቀው ፕሮግራሙ ይድን ነበር። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችና እጇን ከጉርጡ መዝዛ አወጣች። ጋሽ ጉርጥ ጠረጴዛው ላይ ዝርግት አለ። ጸሐፊዋ ደንግጣ ውሃ ቀዳችለት።

«እሱ አይናገርም» አለች እትዬ በራሷ ቀጭን ድምፅ። «ሃያ ሁለት ዓመት የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ታላቁን የደፈረ ልጅ እንደሚገላመጥ ገላመጣት። ከዚያም ጎንበስ አለና የተዘረጋውን ጨርቅ በአክብሮት «እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ሁሉም መልሱን ይጠብቃል። ዝም ብትል ፕሮግራሙ አበቃለት፤ ብትናገር የሚሰማት የለም። ወይ ነዶ! እጇን መልሳ አስገባች።

«እውነት ነው» አለ ጋሽ ጉርጥ ቀና ብሎ። «ዋሽቼህ አውቃለሁ?»

«ኧረ በጭራሽ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እንግዲያው እሷን ስማት።»

እትዬ ሦስቱን ገጽ በራሷ ድምፅ አነበበች። ስልክ ያወጣ የለም። ስትጨርስ ሁሉም እጁን አወጣ፤ የልጆቹ ሰዓት ባለበት ይቀጥል፣ ፕሮዲዩሰሯም እሷው ትሁን ተባለ፤ ደብዳቤው ተቀደደ። እፎይ ልትል ስትል ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ወደ ጉርጡ አስጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሽ ጉርጥ፣ ይህችን የመሰለች ሴት ግን ከየት አገኟት?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚሁ ነበረች» አለ ጉርጡ፤ ድምፁ ግን የወትሮው ወፍራም ሳይሆን ቀጭኑ ነበር።

ጸሐፊዋ ቃሉን ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረች። ተናጋሪ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አንሥታ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው።